የማዳም ፓስወርድ

ቤይሩት ውስጥ ራውተር ሊገዛ ወጥቶ ስለ ፍጥነት የሚጠይቅ ሰው ሳይ፣ አዲስ ገቢ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። የቆየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መብራት ሲሄድ ምን እንደምትሆን ነው። ቀጥሎ ገልበጥ አድርጎ ጀርባዋን ያያል፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ አላት ወይ? ፍጥነቷንማ ሻጩ ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ያውም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው አስበልጦ።

ገበያችን ዶራ ነው። ዶራን የማያውቅ ሐበሻ ቤይሩት ውስጥ የለም። ከቡርጅ ሐሙድ ጋር የተያያዘ፣ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ሚኒባሶች የሚነሡበት፣ እሑድ እሑድ የኢትዮጵያ፣ የፊሊፒንስ፣ የባንግላዴሽና የስሪላንካ ሴቶች የሚሞሉት አደባባይ ነው። እንጀራ የሚሸጠውም፣ ሹሩባ የሚሠራውም፣ ብር ወደ አገር ቤት የሚላከውም እዚያው ነው፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አሉ። ሻጮቹ የእኛን ሰው ሲያዩ አንድ ዘዴ አላቸው፤ እንደ በዓል በግ ደላላ ቀንድ ያስቆጥራሉ። «ይቺ አራት አንቴና፣ ይቺ ስድስት፣ ይቺኛዋ ስምንት! ጎረቤትሽ ቤት ድረስ ትደርሳለች፣ ሀቢብቲ!» ጎረቤቴ ቤት ድረስ እንድትደርስ ማን ጠየቀ? ጎረቤቴ እንደሆነች ፓስወርድ ለመለመን ሰበብ አጥታ አታውቅም።

የአንቴና ብዛት ግድግዳ አይበሳም። እኛ የምንከራየው በቡርጅ ሐሙድና በነበዓ ነው፤ ቤቶቹ አሮጌ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ክፍሎቻቸው ደግሞ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ናቸው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚሉት ሞገድ ዘገምተኛ ነው፤ ግን ግድግዳ ያልፋል። 5 ጊጋኸርዝ የሚሉት ፈጣን ነው፤ ሁለተኛውን ግድግዳ ሲያይ ግን ወኔው ይከዳዋል። ሁለቱንም የምትሰጥ ራውተር ለእኛ ዓይነቱ ቤት ትበቃለች። ከዚያ በላይ ያለው ቀንድ ለፎቶ ነው።

ይልቅ ገንዘብ ከመቁጠርሽ በፊት ኢንተርኔቱ በምን እንደሚመጣልሽ እወቂ። በስልክ ሽቦ ከሆነ፣ ማለትም የመንግሥቱ ኦጄሮ በዘረጋው፣ ራውተሯ በሆዷ ሞደም፣ በጀርባዋም የስልክ ሽቦ የሚገባባት ጠባብ ቀዳዳ ያስፈልጋታል። ከሠፈር አከፋፋይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። አከፋፋዩ ልጅ በሞተር ሳይክል ይመጣል፤ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ከጄኔሬተሩ ሽቦ፣ ከዲሹ ሽቦ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ መሃል አንዱን መዝዞ በመስኮት ያስገባልሻል። በየወሩ ዶላሩን በእጁ ይቀበላል። ደረሰኝ ብትጠይቂው ይስቃል። ይሄኛው መስመር ወፈር ያለውን የኬብል ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሞደም ያላትን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ዶራ ላይ ግን አፍሰሽ ብትመለሺ የሚለቅም የለም። ሻጩ «የተከፈተ ካርቶን አልመልስም» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ወደ መብራቱ ልግባ። ሊባኖስ ውስጥ መብራት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ደውሌ» ይባላል፤ የመንግሥቱ ነው። ሲመጣ ሠፈሩ ሁሉ «እጀት!» ብሎ ይጯጯህና ልብስ ማጠቢያው፣ የውኃ ማሞቂያው፣ ካውያው ባንድ ላይ ይነሣል። ሁለተኛው «ኢሽቲራክ» ነው፤ የሠፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት በአምፔር የሚሸጠው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጥቅምት 2021 ዴይር አማርና ዛህራኒ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ነዳጅ አጥተው ሲቆሙ ደውሌ ከነጭራሹ ጠፋ፤ በነሐሴ 2024 ዛህራኒ ቆሞ እንደገና ጠፋ። ሁለቱንም ጊዜ የሠፈራችን ሰው ብዙም አልተደናገጠም። ቀድሞውኑ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቅ የሚል እንግዳ ቢቀር ማን ልብ ይለዋል?

እኛ የምንከፍለው ለ5 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 1,100 ዋት ይሆናል፤ ካውያ ብቻውን ይጨርሰዋል። ራውተሯ ግን 12 ቮልትና 1 አምፔር የሚል አዳፕተር ነው ያላት፤ ቢበዛ 12 ዋት። በቤቱ ውስጥ እንደሷ ትንሽ የምትበላ የለችም፤ እንደሷም የምትጎዳ የለችም። ደውሌ ሄዶ ኢሽቲራክ እስኪነሣ ያለው ክፍተት አንዳንዴ ዐይን ጨፍኖ መግለጥ ነው። አምፖሉ ወዲያው ይበራል፤ ፍሪጁ ይቀጥላል፤ እሷ ግን ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ መብራቶቿን አንድ በአንድ አብርታ፣ መስመሯን ፈልጋ እስክትገኝ ደቂቃው ያልፋል። ደግሞ እናትሽ በኢሞ «ሐኪሙማ ምን አለኝ መሰለሽ...» ስትል ነው የሚሄደው። ዘፈን ስትሰሚ ሄዶ አያውቅም።

መድኃኒቱ ሚኒ ዩፒኤስ የሚሏት መዳፍ የምታክል ባለ ባትሪ ሣጥን ናት። በግድግዳውና በራውተሯ መካከል ትገባለች፤ መብራት ሲሄድ ራውተሯ ሳታውቅ ያልፋል። ስትገዢ ቮልቱን ከአዳፕተሩ ላይ አንብቢ፤ 9 የምትፈልገውን 12 ካጠጣሻት ሽታውን ጎረቤት ይነግርሻል። ግን እሷም ብትሆን ግማሽ መድኃኒት ናት። የአከፋፋዩ ሣጥን ከጣሪያ ላይ ሆኖ የሚሠራው በዚያው በሠፈሩ መብራት ነው፤ እሱ ሲጠፋ ያንቺ ራውተር አረንጓዴዋን አብርታ ተቀምጣ፣ ሽቦው ግን ባዶ ይሆናል። የዩኤስቢ ቀዳዳ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የቤታችንን ራውተር ስም ልናገር፤ አለዚያ የሚቀጥለው ወሬ ግራ ያጋባል። ስሟ ማዳም ነው። ዋይፋይ ሲፈለግ በስልክ ላይ የሚወጣው ስም እሱ ነው። ያወጣችላት የቤቱ ታላቅ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ከእኛ ሁሉ በፊት ቤይሩት የገባች ሴት ናት። እትዬ ነጻ ሠራተኛ ከመሆኗ በፊት ኮንትራት ላይ የነበረችበት ቤት ዋይፋዩ የሚሰጣት እንደ አየሩ ሁኔታ ነበር። አሠሪዋ ማዳም ደስ ሲላት ፓስወርዱ ይነገራል፤ ብርጭቆ የተሰበረ ዕለት ይቀየራል። በካፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ ስም ነው፤ ፓስፖርትሽም አብዛኛውን ጊዜ በእሷው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከዚያ ሁሉ ፓስወርዱ ትንሹ ነገር ይመስላል። እትዬ ግን «ፓስፖርቱን በዓመት አንዴ ነው የማስበው፤ ፓስወርዱን በየማታው» ትላለች። እናም የራሷን ራውተር ስታበራ «አሁን ደግሞ እኔ ማዳምን ሳሻኝ አጠፋታለሁ፣ ሳሻኝ አበራታለሁ» ብላ ስሙን ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚደረገውን ንግግር የሰማ እንግዳ ይደነግጣል።

«ማዳም ተነሣች?»

«አልተነሣችም። ቀይ አብርታ ቁጭ ብላለች።»

«ንቀያትና እስከ ዐሥር ቆጥረሽ መልሰሽ ሰኪያት።»

«ትናንትም ነቅያት ነበር፤ ለምዳዋለች።»

እሑድ ቡና የጠራናት አንዲት አዲስ መጤ፣ ኩሽና ሆና ይህን ስትሰማ ስኒውን አስቀምጣ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። እውነተኛ ማዳም ጓዳ አስረን የያዝን መስሏት ነው።

የዩኤስቢ ቀዳዳዋ ሦስት አገልግሎት አላት። አንደኛው ዶንግል ነው። አገሩ ያሉት ሁለት የሞባይል ኩባንያዎች አልፋና ተች ናቸው፤ የአንዳቸውን ሲም የያዘ የ4ጂ ዶንግል ከኋላዋ ስትሰኪ፣ የጣሪያው ሽቦ ሲሞት ማዳም በሞባይል መስመር ትቀጥላለች። ሁሉም ራውተር ግን ሁሉንም ዶንግል አይቀበልም፤ አምራቾቹ የሚያውጁት የስም ዝርዝር አላቸው፤ ሻጩ «ኩሉ በይምሺ፣ ሁሉም ይሄዳል» ሲልሽ ዝርዝሩን አላየም ማለት ነው። ወጪውም የዋዛ ስላልሆነ ዶንግሉን የምናወጣው ለልቅሶና ለልደት ብቻ ነው።

ሁለተኛው አገልግሎት ጠብ የሚያነሣው ነው፤ ስልክ ቻርጅ ማድረግ። የተራዋ ዩኤስቢ ልክ ግማሽ አምፔር ነው፤ የዛሬውን ትልልቅ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ብትመግበውም ጧት አልጠገበም። ይሁንና ነዳጅ በጠፋበት በ2021 ክረምት የጄኔሬተር ባለቤቶች እኩለ ሌሊት ሲሆን ሞተሩን ያጠፉ ነበር፤ በዚያን ሰዓት በቤቱ ውስጥ እስትንፋስ ያላት በሚኒ ዩፒኤሷ የምትኖረው ማዳም ብቻ ነበረች። ስልክ ሁሉ ወደሷ ተሰለፈ። አንዷ በሌሊት ተነሥታ የሌላዋን ነቅላ የራሷን ትሰካለች፤ ሁለተኛዋ ስልኳ ጠፍቶ ሲያድርባት ጧት ሥራ ታረፍዳለች። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሁሉም እየጠጣ ሣጥኗን ማድረቁ ነው፤ በመጨረሻ ስልኩም አልሞላ፣ ማዳምም አላደረች።

በዚች አገር ስለ ኢንተርኔት መቆጣት ያለ ነው ባይ ነኝ። ጥቅምት 17 ቀን 2019 መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ በቀን 20 ሳንቲም ዶላር፣ በወር 6 ዶላር ልጣል ሲል፣ ያን ማታውኑ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሚኒስትሩ ሌሊቱ ሳይነጋ ሐሳቡን አነሡ፤ የወጣው ሰው ግን ወደ ቤቱ አልገባም፤ በወሩ መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳድ ሐሪሪ ሥልጣን ለቀቁ። የሰዉ ምሬት ከዋትስአፕ ያለፈ እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ሰሞን እትዬ መስኮት ላይ ቆማ «ለስድስት ዶላር መንግሥት ካወረዱ፣ እኔ ለዓመታቱ ፓስወርድ ማንን ላውርድ?» ትል ነበር። ዶላሩ 1,507 ሊራ የነበረው ዘመን ያኔ አበቃ፤ ዛሬ 89,500 ነው። ሻጩም ዋጋ ሲጠራ «ፍሬሽ ዶላር» ብሎ ይጀምራል፤ አዲስ ያልሆነ ዶላር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ባንክ ያስቀመጠ ሊባኖሳዊ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው አገልግሎት ፍላሽ ነው። ራውተር በዚህ ምክንያት ብቻ ይመረጥ ብል የማላፍረው ለዚህ ነው።

ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እዚህ መብራት ሲመጣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ቀድሞ በቴሌግራም ሲጎርፍ የነበረው የክርስትናው፣ የተዝካሩ፣ የሠርጉ ቪዲዮ ቀጥ አለ። ያኔ ፍላሽ እንደ ዱሮው መንገደኛ መላክ ጀመረ፤ ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከቦሌ ቤይሩት በአየር መንገድ፣ ከበርበሬና ከበሶ ጋር በአንድ ከረጢት። ከቤታችን ልጆች የአንዷ ወንድም ደሴ ሲያገባ ሠርጉ የመጣው እንዲህ ነው። ፍላሹ ሲገባ በርበሬው የዩኤስቢውን ጫፍ ሞልቶት ነበር፤ በጥርስ መፋቂያ አጸዳነው።

ማዳም አላወቀችውም። ትንሿ መብራት ብልጭ ብላ ዝም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ፍላሹን ኤክስፋት በሚሉት አሠራር አዘጋጅቶታል፤ ርካሽ ራውተሮች ብዙዎቹ እሱን አያነቡም። ፋት 32 የሚባለውን ያነባሉ፤ ያ ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፎቶግራፍ አንሺው ደግሞ ሙሽራዋ ጠጉሯን ከምትሠራበት እስከ መልሱ ድረስ ሳይቆርጥ በአንድ ፋይል ነው የጫነው፤ ወሎዬ ሠርግ በ4 ጊጋ መቼ ያልቃል! መፍትሔው ሌላ ፍላሽ በኤንቲኤፍኤስ አዘጋጅቶ በላፕቶፕ መገልበጥ ነው። ፎቅ ላይ ያለው የአርመኑ ልጅ ላፕቶፑን አዋሰን፤ እያየ ስለነበር «ይሄ ሁሉ ሰው ቤተ ዘመድ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሁለተኛዋን ፍላሽ ስንሰካ ማዳም ተቀበለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ በስልኳ ቪኤልሲን ከፍታ፣ ከኔትወርኩ ውስጥ ማዳምን መርጣ ማየት ነው። ያን ቀን ከአከፋፋዩ መስመር አልነበረም። ይሄ ነው ሰው የማያምነው፤ «ኢንተርኔት ሳይኖር እንዴት ይሠራል?» ይላሉ። ከስልክሽ እስከ ራውተሯ ያለው ግንኙነት የቤትሽ ነው፤ ኦጄሮም አከፋፋዩም አያውቁትም። ማዳም መብራት ካላት፣ ሆዷ ላይ የተሰካውን ለቤተ ሰቡ ታድላለች።

እንዲህ ሲሆን ሁሉም በየስልኩ፣ በየጊዜው ነው። በቤታችን «ፍሪ» የሆኑት በሰዓት የሚሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ አሠሪ ቤት እያደሩ እሑድ ብቻ ይመጣሉ። ያን እሑድ አንዷ ሳሎን፣ አንዷ አልጋ ላይ፣ አንዷ ኩሽና ሆነው ሲያዩ ቪዲዮው እኩል አልጀመረም፤ እልልታው ከኩሽና ቀድሞ ይመጣል፣ ሳሎን ያለችው ገና አማች ሲመረቁ ላይ ናት። «አታውሪ! ገና አልደረስኩም!» እየተባባሉ ሠርግ ታየ። የሙሽራው እኅት ግን ወደ ኋላ እየመለሰች አንድ ቦታ ላይ ቆማለች፤ ወንድሟ ከመኪና ሲወርድ። ስትለየው ከብት ይጠብቅ ነበር። «ሱፍ ለብሷል፣ ያረማመዱን እዩት፣ አባቴን!» አለችን። ደግማ መለሰችው።

በመስከረም 2024 ፔጀሮቹ፣ በማግስቱም የእጅ ሬዲዮዎቹ በሰው እጅ ላይ ሲፈነዱ፣ ባትሪ ያለው ዕቃ ሁሉ በጎሪጥ ታየ። እትዬ ሚኒ ዩፒኤሷን በረንዳ ላይ አውጥታ «ከዚያ ሆና ታገልግል» ብላ በበሩ ሥር ሽቦ ሳበች። ሳምንት ሳይሞላ የቦምቡ ድብደባ ሲበረታ ከዳሕየ፣ ከሱር፣ ከነበጢዬ የሸሹ እኅቶች ቤታችን መጡ፤ አንዳንዶቹ አሠሪዎቻቸው ቆልፈውባቸው ሄደው በመስኮት የወጡ ናቸው። ውኃ ጠጡ፤ ቀጥለው ፓስወርድ ጠየቁ። እትዬ ፓስወርዱን መስታወቱ ላይ በሊፕስቲክ ጻፈችው። ርካሽ ራውተር ያን ሁሉ ስልክ ሲሸከም ይንገዳገዳል፤ ድምፅ ብቻ፣ ቪዲዮ ክልክል የሚል ሕግ ወጣ። ተኩስ አቁሙ ኅዳር 27 መጣ፤ ሕጉ ተነሣ፤ መስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አሁንም አለ።

አሁን ማዳም አርጅታለች። ልትተካ ስለሆነ እሑድ እሑድ እየዞርኩ ነው። ዶራ ላይ ያሉት አዳዲሶቹ ቀንዳቸው በዝቶ ቀዳዳቸው ጠፍቷል፤ ርካሾቹ ላይ ዩኤስቢ እየቀረ ነው። ስጠይቅ ሻጩ «ዛሬ ፍላሽ ማን ይጠቀማል? ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ መብራት ሄዶ ሱቁ ጨልሞ ነበር፤ በስልኩ ባትሪ እያበራልኝ ነው ይህን የሚለኝ። ባለ ቀዳዳዋን የምትፈልግ ሲን ኤል ፊል በኩል፣ በቤይሩት ወንዝ ዳር ድልድዩ ሥር የሚቆመው የእሑድ ገበያ፣ ሱቅ ኤል አሐድ፣ ትሂድ፤ ያገለገለ ራውተር በክምር ይሸጣል። የራስሽን ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ አሰክተሽ እይ፤ አዳፕተሩ የሷው መሆኑን ቮልቱን አንብበሽ አረጋግጪ፤ ቤት ስትገቢ ከኋላ ያለችውን የመርፌ ቀዳዳ ተጭነሽ የቀድሞውን ቤት ስምና ፓስወርድ አጥፊ። ሰማያዊ ቀዳዳ ካየሽ ፈጣኑ ዩኤስቢ ነው፤ አጠገቡ የተሰካ ዕቃ የ2.4ቱን ሞገድ ሊረብሽ ስለሚችል በአጭር ገመድ አርቀሽ ሰኪው።

ይህን ሁሉ እያልኩ፣ ከልጆቹ አንዷ ደግሞ በሁለት ዶላር አራት ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ገዝታ መጥታለች። «ለሁላችንም ይበቃል» ብላ ፍላሹንም፣ ዶንግሉንም፣ ሁለት ስልክም ደረደረችበት። ማዳም አቅሟ አይደለምና በየሩብ ሰዓቱ ትወድቃለች። እትዬ ማከፋፈያውን ነቅላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው፤ ልጅቷ ደግሞ «በገንዘቤ የገዛሁት ነው» ብላ አኩርፋለች። ጉዳዩ ለእሑድ ስብሰባ ተቀጥሯል፤ ቡናው በጋዝ ስለሚፈላ መብራት ኖረም አልኖረም አይቀርም።